የደህና ቀን ስንቅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አስቀድሜ ያደረግሁት መጽሐፍ መግለጥ ሳይሆን የራሴን ጓዳ መፈተሽ ነበር። ያገኘሁትም የሚያኮራ አልነበረም፤ ግማሽ ጀሪካን ውሃ፣ የነደደ ሻማ ቁራጭና ጊዜው ያለፈበት የራስ ምታት ክኒን ነው። ሌላውን መምከር ሥራችን የሆነ እኛ የጤና ባለሙያዎች በገዛ ቤታችን ከታካሚዎቻችን ሳንሻል እንቀራለን።

ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ ሲነሡ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ይሰነቅላቸው ነበር። ገበሬውም ከመኸር እስከ መኸር የሚያደርሰውን እህል በጎተራ ያኖራል። ይህን ልማድ ትቶ በወር ደመወዝና በመንደር ሱቅ የተማመነው ከተሜው ነው።

ከተማም ቢሆን ከአደጋ የራቀ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ በተከታታይ የደረሰው ደግሞ ብዙ ሺሕ ሰዎችን ሲያፈናቅል ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ገንዘብ ያለው ወደ ሱቅና ወደ መድኃኒት ቤት ሲጋፋ ዋጋው እንዴት እንደናረ እናስታውሳለን። በዚያ ግፊያ ይበልጥ የተጎዳው የዕለት ጉርሱን በዕለት ገቢው የሚሸምተው ሰው ነው። እንግዲህ በደህና ቀን ጥቂት በጥቂት መሰነቅ ስስት አይደለም፤ በክፉ ቀን ከደኃው ጋር ላለመሻማት ነው።

ከየት እንጀምር? መጀመሪያው ውሃ ነው። ለመጠጥና ለቀላል ምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰዎች ላሉበት ቤት የሦስት ቀን ፍጆታ 60 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ይሆናል። ጀሪካኑ ጋዝም ሆነ ኬሚካል ያልነካው፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ውሃውም በየስድስት ወሩ ይለወጥ። ንጽሕናው ያጠራጠረን ውሃ ማፍላት ይገባል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ቤተሰቡ የማይወደውን አናከማች። በየወሩ ከምንሸምተው ላይ አንድ ኪሎ ሽሮ ወይም በሶ እንጨምር፤ የቆየው አስቀድሞ ይበላ፣ አዲሱ ከኋላ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ነቀዝም ብልሽትም አይረታንም።

ሦስተኛው መድኃኒትና መብራት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ያለበት ቤት መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን አስቀድሞ ይተካ። ለተቅማጥ የሚሆን ንጥረ ነገር ቢታጣ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥን እናትም ልጅም ይወቅ። የእጅ ባትሪና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ፣ የመታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ ጥቂት ዝርዝር ብርም በአንድ ቦርሳ ይኑሩ። መብራት ጠፋ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ገዳይ መሆኑን አንርሳ።

በመጨረሻም፣ ሦስት ጀሪካን ለመግዛት አቅም የሌለው ጎረቤት አለ። ዕድሮቻችን ለሐዘን ያሰናዱት ድንኳን፣ ድስትና ወንበር አላቸው፤ ከዚያ ጎን ጥቂት ጀሪካንና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ቢጨመር ለአደጋም ይውላል። ይህን ሐሳብ ለየዕድራችን ማቅረብ የኛ ድርሻ ነው።

እኔ ጎደሎውን ጀሪካን ሞልቼ ወደዚህ መጥቻለሁ፤ ሁለት ይቀሩኛል። እናንተም ዛሬ ማታ ጓዳችሁን እንድትፈትሹ በትሕትና እጠይቃለሁ።