የሻይ ጥራትና የጠጪው ምርጫ



የዛሬው ርእስ ቡና ቢሆን ኖሮ ይህ አዳራሽ በባለሙያ በተሞላ ነበር፤ የሐረሩን ከይርጋጨፌው ለይቼ አላውቅም የሚል ሰው ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። ወደ ሻይ ስንመጣ ግን «ጥሩው የትኛው ነው?» ብንባል «የጠቆረው» ወይም «ቅመሙ የበዛው» ብለን እናልፋለን። ሁለቱም መልሶች ስለ ቅጠሉ የሚነግሩን ነገር የለም።

አረንጓዴው፣ ኡሎንግ የሚባለውና ጥቁሩ ሻይ ሁሉም የሚገኙት ካሜልያ ሳይነንሲስ ከተባለ አንድ ተክል ነው። ቅጠሉ ሲታሽ በውስጡ ያሉት ፖሊፊኖሎች ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳሉ። ይህ ሂደት ገና በጅምሩ በሙቀት ከተገታ አረንጓዴ፣ መንገድ ላይ ከቆመ ኡሎንግ፣ እስከ ፍጻሜው ከዘለቀ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ስለዚህ አረንጓዴው ከጥቁሩ «ይበልጣል» የሚለው ወሬ የጥራት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

እሽጉ ላይ የሚታተመው ደረጃም ብዙ ሰው ያሳስታል። «ኦሬንጅ ፔኮ» የሚለው ስም ብርቱካን ገብቶበታል ማለት አይደለም፤ የሚያመለክተው የቅጠሉን መጠን ነው። ሲቲሲ የሚባለው፣ በ1930ዎቹ በሕንድ አሳም የተጀመረው ዘዴ ደግሞ ቅጠሉን በጥርሳም ማሽን ጨፍልቆና ቀዳዶ ወደ ደቃቅ ፍሬ ይለውጠዋል። የኬንያ ሻይ አብዛኛው እንዲህ የተዘጋጀ ነው። ደቃቁ ቶሎ ይቀልማል፣ ይከብዳል፤ ሙሉው ቅጠል ዝግ ይላል፣ መዓዛውም የረቀቀ ነው። በየመጠኑ ግን ጥሩም መናኛም አለ።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ለቀማሾች የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ለ6 ደቂቃ፣ ይላል። ዓላማው የሚጣፍጥ ሻይ ማፍላት ሳይሆን ማወዳደር ነው። ሁለት ዓይነት ሻይ ገዝታችሁ በዚሁ ልክ ጎን ለጎን ዘፍዝፉ፤ ስኳር አትጨምሩ። ጥሩ ጥቁር ሻይ በብርጭቆው ውስጥ እንደ መዳብ ያበራል፤ ምላስን ነቃ ያደርጋል እንጂ አፍን አድርቆ አይቀርም። ይህን ብርሃንና ንቃት የሚሰጡት ቲአፍላቪን የተባሉት ውሕዶች ናቸው። ደብዛዛና ቡናማ ሆኖ፣ የእንጨት ጣዕም ካለው፣ ወይ ያረጀ ነው፣ ወይ ጠንካራ ቅጠልና ግንድ በዝቶበታል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው የእናንተ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ጨምሮ፣ በስኳር ወይም በወተት የሚጠጣ ሰው የሚያስፈልገው ብርቱና ደቃቅ ሻይ ነው፤ የዳርጂሊንግን ስስ የጸደይ ሻይ በውድ ገዝቶ በቅርንፉድ ማፈን ገንዘብ መጣል ነው። ያለ ቅመም የሚጠጣ ሙሉ ቅጠል ይፈልግ። አረንጓዴ የሚወድ ውሃውን ወደ 80 ዲግሪ ያብርደው፤ አለዚያ የሚያገኘው ምሬት ነው። (ከጠዋት እስከ ማታ በበራድ ሲንተከተክ ስለሚውለው የሻይ ቤት ሻይ አስተያየቴን ባልሰጥ ይሻላል።)

ቅመሙን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም ያለ እርሱ አልውልም። የሚያሳስበኝ ቅመምና ስኳር የመናኛ ቅጠል መሸሸጊያ ሲሆኑ ነው። ጥሩ ሻይ የሚጀምረው ከእምቡጡና አብረውት ካሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ነው። በብዙ አገር ለለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ስለሆነ ለጋውን ብቻ መርጦ መልቀም ገቢ ይቀንሳል። ገዢው ልዩነቱን ካልቀመሰ ለዚያ ድካም ማን ይከፍላል? በካፋ ውሽውሽ፣ በኢሉባቦር ጉመሮ ላይ ሻይ የምታበቅል አገር ዜጎች ይህን ጥያቄ ለሌላ ልንተወው አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻይ ሽታ ይስባል። በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ከበርበሬና ከሽንኩርት አርቃችሁ አስቀምጡት።

በኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው አራት ሻዮች ተዘጋጅተዋል። ቅመሱና የወደዳችሁትን ቁጥር ጻፉልኝ፤ ስኳሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።