ዳገት የምትወጣ የላስቲክ መኪና

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ልጆች ሽቦ አጥፈውና ከአሮጌ ጫማ ሶል ጎማ ቆርጠው የሚሠሯት መኪና አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የምትገፋ ወይም በገመድ የምትጎተት ናት። ይህችው መኪና ያለ ገፊ እንድትሄድ የሚያስፈልጋት አንድ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ሲሆን፣ በእርሱ የሚመራው የንድፍ ሥራ ግን የልጅ ጨዋታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ተለጥጦ የተያዘ ነገር ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ያጠራቀመው ጉልበት እምቅ ኃይል ይባላል፤ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ጅማቱ ተስቦ ሲለቀቅ ጥጡን የሚያፍታታው በዚሁ ኃይል ነው። በመኪናዋም የላስቲኩ አንድ ጫፍ ከፊት ታስሮ ሌላው የኋላ እግሮቿን በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ጉልበቱ ይታመቃል፣ ሲለቀቅም ዘንጉን እያዞረ ይፈታል። ይሁንና ጫፉ በዘንጉ ላይ በቋጠሮ ከታሰረ ተፈትቶ ካበቃ በኋላ በተቃራኒው ተጠምጥሞ መኪናዋን ስለሚያቆማት፣ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ እንዲወልቅ መደረግ አለበት።

የንድፉ ዋና ጥያቄ የዘንጉና የእግሩ ምጣኔ ነው። የዘንጉ መጠነ ዙሪያ፣ ማለትም የክቡ የውጭ ዙሪያ ርዝመት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና 30 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ቢጠመጠምበት፣ ዘንጉ 15 ጊዜ ይዞራል፤ የእግሩ መጠነ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መኪናዋ በላስቲኩ ኃይል ብቻ 4 ሜትር ተኩል ትሄዳለች። ነገር ግን ርቀቱ በነጻ አይገኝም፤ መሬቱን የሚገፋው ኃይል ከላስቲኩ ስበት ወደ 15ኛው እጅ ይወርዳልና። ለስላሳ የክፍል ወለል ይህን ይችላል፤ የጋይንት ጠጠራማ ዳገት ግን አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ አገር ወፍራም ዘንግና አነስተኛ እግር መምረጥ የንድፍ ጉድለት ሳይሆን ብልህነት ነው።

ዳገት ላይ መንኮራኩር ፍትጊያን ቢቀንስም ክብደትን አያስቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በጋይንት አልፎ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ በመንኮራኩር ላይ ተጭኖም ቢሆን፣ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ ለወራት በጠፍር ሊጎትተው የተገደደው ስለዚህ ነው። የላስቲክ መኪናም አካሏ ከሸምበቆ ቢሠራ፣ ዘንጓም የሚዞርበት ቀዳዳ ሰም ቢቀባ፣ ያው ላስቲክ የበለጠ ያስኬዳታል።

በየጎሚስታው ተጥሎ የሚገኘው ካላማዳሪ፣ ማለትም አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ፣ ለላስቲክነት የተመቸ ይመስላል። ሆኖም አብዛኛው ካላማዳሪ ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራ በመሆኑ፣ አየር አጥብቆ ቢይዝም ሲለጠጥ ከተቀበለው ጉልበት ብዙውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ቁራጩ መሬት እንዲቆነጥጥ የኋላ እግሮቿ ቢጠቀለሉበት ይሻላል።