ከጣዕመ ዝማሬ እስከ ከዊነ እሳት

(የድጓ ዜማ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በሕንዱ ሊቅ በፓታንጃሊ የዮጋ ትምህርት የተመስጦ መንገድ ስምንት እርከን አለው። በመጨረሻው፣ በሳማዲ፣ አሰላሳዩ ራሱን ይረሳል፤ የሚያሰላስለው ነገር ብቻ ይቀራል።

የኢትዮጵያ መነኮሳት ደግሞ ዐሥሩ መዓርጋት አሏቸው፦ ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና።

ጉዞው በጽማዌ፣ በዝምታ ይጀመራል። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው፤ አንደበት የሚያዜመውን ልብ ያጣጥመዋል። ይህ መዓርግ የድጓ፣ የዜማው መጽሐፍ፣ መምህራን ለሚመሰከሩባት ለጋይንቷ የቤተልሔም ጉባኤ ቤት እጅግ ቅርብ ነው። ከዚያ በንጽሐ ነፍስ እንባው፣ ፍቅሩ ይከተላል። በንጽሐ ልቡና መላእክትን ማየት፣ በብርሃን መስጠም፣ በመጨረሻም ከዊነ እሳት፣ እሳት መሆን፣ ይመጣል።

መድረሻቸው ግን ይለያያል። ፓታንጃሊ ነፍስን ከግዙፉ ዓለም ለይቶ ነጻ ማውጣትን ያስተምራል፤ መነኩሴው የሚጓዘው ሥላሴን ለማየት ነው።