መቀሌን በፎቶ፦ ከሮማናት እስከ እንዳ ኢየሱስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከበስተኋላ የባጃጅ ድምፅ)

አቅራቢ፦ ዛሬ ስለ ከተማ ፎቶ እናወራለን። መነሻችን መቀሌ ናት፤ መጀመሪያ ከከፍታ፣ ከዚያም ከሮማናት አደባባይ እናነሳታለን።

ከተማን በሙሉ ገጽታዋ ለማንሳት ከፍታና ብርሃን ያስፈልጋል። እንዳ ኢየሱስ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ያለ ከፍታ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያነሱ ፀሐይ ከጀርባዎ ናት፤ የሕንፃዎቹ ግድግዳም፣ የሐወልቲ ሰማዕታት መታሰቢያ ረጅም ዓምድም ፍንትው ብለው ይታያሉ። አመሻሽ ላይ ግን ፀሐይ ከፊት ስለምትሆን ሕንፃዎቹ ይጠቁራሉ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ወደ ሮማናት ሲወርዱ ደግሞ ቀትርን ይሽሹ። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ጥላው ከቅንድብ ሥር ስለሚወድቅ የሰው ዓይን ይጨልማል። ያኔ ሰውን በረንዳ ሥር ማንሳት ይሻላል። አስቀድመው ግን ፈቃዱን ይጠይቁ። ድሮን ለማብረርም የመንግሥት ፈቃድ ግድ ነው።

የከተማ ፎቶ ጥቅም ግን ከውበት ያልፋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ከመቀሌ ፎቶ መላክም ጭንቅ ነበር። ስለዚህ የዛሬ የመንገድ ፎቶ የነገ ማስረጃ ነው።

አድማጮቻችን፣ ያነሳችሁትን ፎቶ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ፣ በሌላ ቦታም ቅጂ አስቀምጡለት። ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)