የተሰበረው የሰንጢ ጫፍ በማን ሒሳብ ይጻፍ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ወደ መድረክ ሲጠራ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ሰንጢ ነው። የምታስታውሱ አላችሁ፤ በጥቅምት ወር ለእህልና ለቅመማ ቅመም ክፍላችን 30 ሰንጢዎች ገዝተን ነበር። አንዱ በ180 ብር፣ በድምሩ 5,400 ብር። ጆንያ ለመፍታት፣ ሲባጎ ለመቁረጥ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለመላጥ ብለን ነው የገዛናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ ዕቃ ስንቆጥር ዘጠኙ ጫፋቸው ተሰብሮ አገኘናቸው።

ያን ጊዜ ያደረግነውን ሳንደብቅ እንናገር። ዘጠኝ ጊዜ 180 ብር 1,620 ብር ነው ብለን አሰላን። ሰንጢው በእጇ የተሰበረባት ትክፈል ብለን ወሰንን። ከዘጠኙ አባላት የጥር ወር ክፍያ ላይ እያንዳንዳቸው 180 ብር ቆረጥን። መዝገቡ ተዘጋ፤ ሒሳቡ ገጠመ። እኛም ሥራችንን በሚገባ የሠራን መሰለን።

ከዘጠኙ አንዷ ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ ያሉ እናታችን ናቸው። በየካቲት ስብሰባ አልመጡም። በመጋቢትም አልመጡም። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ የአንድ ሰው መቅረት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁለት ሆነን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን፤ እስከ በረካ ድረስ ስለ ሰንጢው አንድም ነገር አላነሡም። ስንነሣ ግን እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ብሩ አይደለም ያስቀረኝ። ሰንጢው በተሰጠኝ በአራተኛው ቀን የጆንያ ክር ስቆርጥበት ጫፉ ረገፈ። ያን ዕለቱን መጥቼ ነግሬያችኋለሁ። እናንተም ጽፋችሁታል። ከዚያ በኋላ ሰባሪ ተብዬ ተቆረጠብኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በውሸት ታውቄ አላውቅም።»

ቢሮ ተመልሰን ደብተሩን ገለጥን። እውነታቸውን ነበር። በራሳችን የእጅ ጽሕፈት፣ ቀኑ ጭምር ተጽፎ ይገኛል፦ «የሰንጢ ጫፍ ተሰብሯል፤ ጆንያ ሲፈታ።» ጽፈነዋል፤ አላነበብነውም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ጉዳዩን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርነው። ዘጠኙን ሰንጢዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ዘጠኙን አባላት አንድ በአንድ ጠራን። «ሰበርሽው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። «ሲሰበር ምን እየሠራሽበት ነበር?» ብለን ነው የጠየቅነው። እንዲህ ተጠይቆ የሚዋሽ ሰው ጥቂት ነው። አራቱ የጣሳ ክዳን ፈልቅቀው ሊከፍቱበት ሲሉ፣ አንዷ የሚዛኑን ብሎን ልትፈታበት ስትል፣ አንዷ ደግሞ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ እንደ ተሰበረ ነገሩን። ሦስቱ ግን ክርና ሽንኩርት ብቻ ሲቆርጡበት ነበር።

ከዚያ ሰንጢዎቹን ይዘን ገበያ ዳር ቢላ የሚስሉ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በብረት ሥራ ያሳለፉ አባት ዘንድ ሄድን። ማን ምን እንዳለን አልነገርናቸውም። አባባ ስብራቱን በፀሐይ ብርሃን እያገላበጡ ካዩ በኋላ ስድስቱን በአንድ ወገን፣ ሦስቱን በሌላ ወገን አስቀመጡ። የስድስቱ ስብራት እንደ አመድ ደቃቅና ግራጫ ነው። የሦስቱ ግን ሻካራና እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነው። ሦስቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ መገመት አያቅታችሁም። የእናታችን ሰንጢ አንዱ ነበር።

ምክንያቱን በቀላሉ እናስረዳ። የቢላ ብረት ሲሠራ በመጀመሪያ እስኪቀላ ይሞቃል። ከዚያ በፍጥነት ተነክሮ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ መልሶ በመጠኑ ይሞቃል። ጥቂት ጥንካሬ አጥቶ በምትኩ መቻልን ያገኛል። በመጀመሪያው ማሞቅ ጊዜ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የብረቱ ቅንጣት ያድጋል፤ ሲሰበር ሻካራ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ማሞቅ ከተዘለለ ወይም ካነሰ ደግሞ ብረቱ ተሰባሪ እንደ ሆነ ይቀራል። ሁለቱም ጥፋቶች የሚፈጸሙት በፋብሪካ ውስጥ ነው። ተጠቃሚዋ ሰንጢውን የቱንም ያህል ብትጠነቀቅለት አታድነውም።

በሌላ በኩል ደኅና የተሠራ ሰንጢም ቢሆን ጫፉ ከስለቱ ሁሉ ቀጭኑ ቦታ ነው። የተሠራው ለመቁረጥ እንጂ ለመፈልቀቅ አይደለም። ስንቆርጥበት ኃይሉ በስለቱ ቁመት ላይ ይከፋፈላል። ክዳን ሥር አስገብተን ስንጠመዝዘው ግን የክንዳችን ኃይል ሁሉ በጎን በኩል በዚያች ቀጭን ጫፍ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ቢሰበር አምራቹን መውቀስ አይገባም።

ይህ ክፍፍል እኛ የፈጠርነው አይደለም። በዓለም የታወቀውን የስዊዘርላንድ ሰንጢ እንውሰድ። ካርል ኤልስነር የሚባል ባለሙያ በ1884 እ.ኤ.አ. ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ጀመረ። በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ አቀረበ። በኋላም ድርጅቱ የእናቱን የቪክቶሪያን ስም ይዞ፣ አይዝጌ ብረትን ከሚያመለክተው «ኢኖክስ» ጋር ተጣምሮ ቪክቶሪኖክስ ተባለ። በእናት ስም የሚጠራ ዕቃ መሆኑን ስናውቅ ደስ ብሎናል። ይህ ድርጅት በብረቱና በአሠራሩ ለሚገኝ ጉድለት ዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል። ነገር ግን ያለ አገባቡ በመጠቀም ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና አይሰጥም። በምርቱ እስከዚህ የሚተማመን አምራች እንኳ መስመሩን ያሰመረው እኛ ባሰመርንበት ቦታ ነው፤ የብረቱ ጥፋት የአምራቹ፣ የአጠቃቀሙ ጥፋት የተጠቃሚው።

የእኛ ሰንጢዎች ማሸጊያ ላይ ግን የአምራች ስምም አድራሻም የለም። ስም የሌለውን አምራች ማን ይጠይቀዋል? የምናውቀው ሻጩን ብቻ ነው። ሕጉም ወደ ሻጩ ይመራናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል።

በ15 ቀን ውስጥ! እናታችን የነገሩን ሰንጢው ከተገዛ ሳምንት ሳይሞላው ነበር። ደረሰኙ በእጃችን ነበር። የተሰበረው ሰንጢ በሳጥናችን ነበር። ወደ ሱቁ የሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ግን ደብተር ላይ ጽፈን ተቀመጥን። በስድስተኛው ወር ሦስቱን ይዘን ስንሄድ ባለሱቁ ደረሰኙን አይቶ፣ «እህቶቼ፣ የት ነበራችሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ስብራቱን ካሳየነውና ከተነጋገርን በኋላ ለሦስቱ አንድ ቅያሪ ሰጠን። በእሱ ቦታ ብንሆን ከዚያ በላይ እንሰጥ እንደ ነበር እርግጠኞች አይደለንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አባባ ሌላም ነገር አስተምረውናል። ጫፉ የተሰበረ ሰንጢ የሞተ ሰንጢ አይደለም። በጀርባው በኩል ተሞርዶ ወደ ስለቱ እንዲወርድ ሲደረግ አዲስ ጫፍ ይወጣለታል። ትንሽ ያጥራል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ሲሞረድ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል፤ ጫፉ በሙቀት ከሰማየ ጥንካሬውን ያጣልና። ስድስቱን ደኅና ሰንጢዎች አንዱን በ20 ብር፣ በድምሩ በ120 ብር ሠሩልን። ሦስቱ ግን ብረታቸው የተበላሸ ስለ ሆነ በዚህ አይድኑም፤ የእነሱ ዋጋ 540 ብር ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ኪሳራ 660 ብር ነው። እኛ የጻፍነው 1,620 ብር ነበር። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የተጻፈበት ቦታም የተሳሳተ ነበር። ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ተነጋግረን እንዲህ አስተካከልነው፦

ሻጩ በቅያሪ መልክ 180 ብር ተሸከመ። ያልተለወጡት ሁለቱ ሰንጢዎች፣ 360 ብር፣ በማኅበሩ ኪሳራ ተጻፉ፤ ጊዜውን ያሳለፍነው እኛ ነንና። ከማስጠገኛው 120 ብር ግማሹን ስድስቱ አባላት እያንዳንዳቸው 10 ብር ከፈሉ። ግማሹን ማኅበሩ ከፈለ። ለምን ግማሹን ብትሉ፣ ሰንጢውን ስንሰጥ በምን እንደማይሠራበት አልነገርናቸውም። ጣሳ መክፈቻም አልገዛንላቸውም። ጣሳው መከፈት ነበረበት፤ በእጃቸው የነበረው ሰንጢ ብቻ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው።

ለሦስቱ አባላት 180 ብራቸው ሙሉውን፣ ለስድስቱ 170 ብር ተመልሷል። በጠቅላላው 1,560 ብር ማለት ነው። ገንዘቡን መመለስ ግን ስም መመለስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ፣ ሁላችሁም በተሰበሰባችሁበት፣ ሦስቱን አባሎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። እናታችን፣ እዚያ ከፊት ተቀምጠው እናይዎታለን። እርስዎ እውነቱን በጊዜው ነግረውናል፤ ያልሰማን እኛ ነን።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እንዲህ እንሠራለን። ማንኛውም አዲስ ዕቃ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ተሞክሮ ይታያል። ደረሰኙ ከዕቃው መዝገብ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ 15ኛው ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ይከበባል። ዕቃ ተሰበረ ያለ አባል በዚያው ዕለት ሲሠራ የነበረው ሥራ ይጻፍለታል፤ የጻፈችውም ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ምን እንዳደረገች ከሥሩ ትፈርማለች። ለክፍሉ አራት ካቻቢቴዎች ተገዝተዋል፤ ጣሳ የሚከፈተው በእነሱ ነው። ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ በሰንጢ ጣሳ የምትፈለቅቅ አባል ማስጠገኛውን ሙሉውን ትከፍላለች። በሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ከዋጋው በፊት የምንጠይቀው የአምራቹ ስም በዕቃው ላይ አለ ወይ የሚለውን ነው።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ ከእናንተ ገንዘብ 420 ብር በእኛ መዘግየትና አለማስተማር ወጥቷል። ትንሽ ነው ብለን አንሰውረውም። በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ከነምክንያቱ ታገኙታላችሁ።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ሁለቱ ወገን እኩል ከመጣ ሒሳቡ ልክ ነው ብለን ደብተር መዝጋት ለምደናል። ይህ የሰንጢ ጫፍ ግን እኩል የመጣ ሒሳብም ሰው ሊበድል እንደሚችል አሳይቶናል። ተጠያቂው ተጠቃሚው ነው ወይስ አምራቹ ስንል ከረምን፤ በመካከሉ የተቀመጥነውን እኛን ለመቁጠር ግን ስድስት ወር ፈጀብን።