የኔቫ ወንዝና የሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አቀማመጥ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተነገረ)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጂኦግራፊ ከተማርነው ጥቂቱን ልናካፍላችሁ ተነሥተናል። የምንናገረውም በሩስያ አገር ስላለችው ስለ ታላቂቱ ከተማ ስለ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

ታላቁ ጴጥሮስ በ1703 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ሲመሠርት የመረጠላት ስፍራ የኔቫ ወንዝ ወደ ፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ የሚገባበት ረግረግ ነበረ። ንጉሡ የፈለገው የባሕር በር ነውና የምድሩን ክፋት አልፈራም። ወንዙ በዚያ ብዙ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ከተማይቱ በደሴቶች ላይ ተሠራች። አፈሩም ለስላሳ ስለ ሆነ የቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል የቆመው ወደ መሬት በተተከሉ ከ10,000 በሚበልጡ ግንዶች ላይ ነው።

ከተማይቱ እስከ ዛሬ ከ300 ጊዜ በላይ በጎርፍ ተመታለች። ጎርፍ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታየን በክረምት ዝናብ የሚሞላ ወንዝ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጥፋቱን በኔቫ ላይ አሳብበን ነበር። ካርታውን ስንመረምር ግን ተሳስተን ተገኘን። ኔቫ የሚነሣው በአውሮፓ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ከሚሰፋው ከላዶጋ ነው፤ ርዝመቱም 74 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሐይቁ የዝናቡንና የበረዶውን ውሃ እንደ ጎተራ አስቀምጦ በልክ ስለሚሰጥ ወንዙ በዝናብ ምክንያት በድንገት አይሞላም።

እንግዲህ ጎርፉ ከወዴት ይመጣል? ከባሕር ነው። ዐውሎ ነፋስ በባልቲክ ባሕር ላይ ሲነሣ ውሃውን ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። ባሕረ ሰላጤው ወደ ከተማይቱ ሲቀርብ እየጠበበ፥ ጥልቀቱም እያነሰ ስለሚሄድ ውሃው መሄጃ አጥቶ ሽቅብ ይነሣል፤ የወንዙንም መውጫ ይዘጋበታል። በ1824 ዓ.ም. ውሃው ከመደበኛው ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የመጣና ብዙ ኢትዮጵያውያን የአገራችን ዘር ነው የሚሉት ባለቅኔ ፑሽኪን «የነሐሱ ፈረሰኛ» የተባለውን ግጥሙን የጻፈው ስለዚሁ ጎርፍ ነው። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ውሃው 380 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ።

በሽታው ካልታወቀ መድኃኒቱ አይገኝም። ጎርፉ ከወንዙ ቢሆን ኖሮ መከላከያው ከከተማይቱ በላይ በተሠራ ነበር። ከባሕር መሆኑ ስለ ታወቀ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግድብ በባሕረ ሰላጤው ላይ ተሠራ። ሥራው በ1979 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ፥ በ2011 ዓ.ም. ተፈጸመ። ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የግድቡ በሮች ይዘጋሉ። ይሁን እንጂ ኔቫ መፍሰሱን አያቆምምና በሮቹን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ መቆየት አይቻልም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ነገ ከመካከላችን መንገድ የሚቀይስ፥ ድልድይም የሚሠራ ይወጣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ድንጋይ ከማኖራችን በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንድንጠይቅ ይህች ከተማ አስተምራናለች።