ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። እኔ ግን ማሊያቸውን ካወለቁ በኋላ ስለ ሠሩት ሥራ ልናገር።

የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ተሰልፈው፣ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቧል። እንዲህ ላለ ሰው ዳር ቆሞ ማየት እንዴት ይቀለዋል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ስንጋጠም የቡድናችን አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ግብፅ ቀደመች። ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግም ወዲያው ሁለተኛ ጎል ገባብን። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስተካከለ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2 አሸነፍን። ያ ጎል የለመደ እግር በዚያች ቀን አንዲት ኳስ አልመታም። መንግሥቱም ኋላ በተራው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ።

ይህን የማነሣው ስለ ራሴም ነው። ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ስለ ሆንሁ የአጥቂነቱን ቦታ ለታናናሾቼ ለቅቄ እንዳለማምዳቸው መምህራችን አዘውኛል። መጀመሪያ ተቀየምሁ፤ አልደብቅም። በማንኩሽ ሙቀት ፊሽካ ይዞ መቆም ከመሮጥ ይልቅ ያደክማል። ባለፈው ሳምንት ግን ያለማመድሁት ልጅ በግራ እግሩ ሲያገባ ከእኔ በላይ የጮኸ አልነበረም። ቀኝ እግሩ ገና ነው።

ቅዳሜ እንጫወታለንና ወላጆቻችን መጥታችሁ እዩልን።